የአዘዘ ቀለምና የሣር ማጨጃዋ ሞተር

ይድረስ ለአሳዳጊ ወንድሜ ለጋሼ አንዳርጋቸው፣
አሰብ።

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙልኝ? የአሰብ ሐሩር እንዴት ይዞዎታል? ያ ወገብዎ ተሻለው ወይስ እስካሁን ቀበቶ አጥብቀው ነው የሚውሉት? እትዬ አገርነሽስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኛ በዚህ በባሕር ዳር ለጤናችን ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የብርጓል ደህና ነች፤ ሁለቱም ልጆች ትምህርት ቤት ተመዝግበዋል። እናታችንን ባለፈው ሰንበት ዱርቤቴ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው፤ እርስዎን «ባሕሩ ዋጠብኝ» እያሉ ያሙዎታል። ጣና ክረምቱን ሞልቶ የመሥሪያ ቤታችንን አጥር ነክቶ ነበር፤ አሁን ወደ ቦታው ተመልሷል።

ጥቅምት አራት ቀን የጻፉት ደብዳቤ በቦቴ ነጂው በወልደ ዮሐንስ እጅ ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ንዴቴ እስኪበርድልኝ ብዬ ነበር፤ አልበረደም። «አዘዘ ሚዜዬ ነው፣ ሚዜ ደግሞ ወንድም ነው። ሚስቱ የሺመቤት አልቅሳ ጻፈችልኝ። አንተ አንዲት ወረቀት ብትጽፍለት ከእስር ይወጣል ይላሉ፤ ስለ እኔ ብለህ ጻፍለት» ብለውኛል። ጋሼ፣ አባታችን ሲሞት እኔን በጀርባዎ አዝለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ቃልዎን መግፋት አልችልም። ነገር ግን የፈረዱት የአንድ ወገን ሰምተው ነው። የኔንም ይስሙኝና ከዚያ «ጻፍለት» ይበሉኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት ለምን እንደሆነም ሲያነቡት ይገባዎታል።

እንደሚያውቁት አዘዘ የኛ የእንግዳ ማረፊያ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። እኔ ደግሞ ጀነሬተሩን፣ የውኃ ፓምፑን፣ ሌላም የሚጮህ ነገር ሁሉ የምጠግን መካኒክ ነኝ፤ ሥራውን ከያዝሁ አሥራ አራት ዓመቴ። ከሐይቁ ዳር እስከ በሩ ያለውን ሣር ድሮ የቀን ሠራተኞች በማጭድ ነበር የሚያጭዱት። አምና አንድ የፈረንጅ አማካሪ ጥሎት የሄደ የሣር ማጨጃ ሞተር ከሌላ መሥሪያ ቤት መጋዘን ተመድቦልን መጣ። አሮጌ ነው፣ ቢላዋው ዝጓል፣ መንኰራኩሩ ይወላገዳል፤ ሞተሩ ግን ጤነኛ ነበር። ግንቦት ላይ አስነሥቼው እንደ ንብ ድምፁ እኩል ሆኖ ነው የሠራው።

ሰኔ ላይ የንብረት ቆጠራ መጣ። የመንግሥት ዕቃ ሁሉ ቁጥር ይጻፍበት ተባለ። ሌላ ሰው ቢሆን ወንበሩ ሥር፣ ጠረጴዛው ጎን ጽፎ ይበቃዋል። አዘዘ ግን አንድ ቆርቆሮ ቀይ የዘይት ቀለምና ቀጭን ቡሩሽ ይዞ ግቢውን ዞረ። ማንኪያ አልቀረው፣ ባልዲ አልቀረው፣ የዘበኛው ዱላ እንኳ አልቀረው። ሌባ ክዳን ይቀይራል፣ ሌባ ዕቃ እየፈታ ይሸጣል ብሎ የሚፈታውን ሁሉ እየፈታ ከውጭም ከውስጥም ጻፈበት። በእጅ ጽሑፉ መኩራቱን ያውቃሉ፤ የሠርግዎን ጥሪ የጻፈው እሱ አይደል? መዝገቡም ላይ «ቁጥሮቹን ሁሉ በገዛ እጄ የጻፍሁ እኔ ነኝ» ብሎ ፈረመ።

ሐምሌ ገባ፣ ዝናሙ ወረደ፣ ሣሩ ጉልበት ደረሰ። ማጨጃዋን አወጣሁና አስነሣኋት። ጉድ ፈላ! አንዴ ትጮኻለች፣ ልትፈነዳ ነው ብዬ ወደ ኋላዬ እላለሁ፤ አንዴ ደግሞ ትዳከማለች፣ ልትጠፋ ነው ስል እንደገና ትጮኻለች። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። እንዲህ ስታብድ አሥር ደቂቃ ያህል ትቆይና ቀጥ ትላለች። የማስነሻ ገመዷን ብስብ፣ ብስብ፣ ትከሻዬ እስኪገነጠል ብስብ ወይ ፍንክች። ትቻት ምሳ በልቼ ስመለስ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ካንዴላውን ቀየርሁ፣ ካርቡራቶሩን ፈትቼ በቤንዚን አጠብሁ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፍሁ፣ ቤንዚኑ ውኃ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ደፍቼ አዲስ ሞላሁ። ያው ናት። አንድ በሽታ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት መሆኑን በምን ልወቅ?

በዚህ መሐል አዘዘ በሳምንታዊው የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ተነሣ። እኔን ቀና ብሎ ሳያይ «ጓዶች፣ አሥራ አራት ዓመት መካኒክ የሆነ ሰው አንዲት የሣር ማጨጃ አሸነፈችኝ ቢል ማን ያምነዋል? ይህ አሻጥር ነው። የአብዮቱ በዓል እንግዶች መጥተው በጫካ መሐል እንዲያልፉ የታሰበ አሻጥር ነው» አለ። እኔም ተነሥቼ ሞተሩ የማላውቀው ስህተት እንዳለበት፣ ፈልጌ እንደማገኘው አስረዳሁ። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በአብዮቱ ንብረት ላይ ስህተት የሚባል ነገር የለም። ጥያቄው በማን እጅ ቆመ ነው» አለና ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ አለ። ተጻፈለት። ጋሼ፣ በዚህ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ እርስዎም አሰብ ሆነው ያውቁታል። ለምን እንዲህ እንዳደረገኝ እስካሁን አላውቅም። አንዳንዱ የጀነሬተሩን ናፍጣ በሊትር እየለካሁ ስለምቀበለው፣ እንዳይቀንስበት አድርጌው ነው ይላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የናፍጣው ነገር ሳይሆን በስብሰባው ዋዜማ ቤቴ እራት በልቶ መሄዱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ አካሉ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ግን ናቸው። እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ቀን ሰጡኝ። ማሽኒቱ ካልተሠራች ጉዳዩ ወደ በላይ ይሄዳል ተባለ። እስከዚያው ከወርክሾፕ አውጥተው ከቀን ሠራተኞች ጋር ማጭድ አስያዙኝ፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ ማሽኒቱን እንድነካካ ተፈቀደልኝ። እርስዎ ያስተማሩኝን እጅ ማጭድ አስያዙት፣ ጋሼ! በዝናም ጎንበስ ብዬ ሳጭድ አዘዘ ጃንጥላ ይዞ በረንዳው ላይ ይቆማል። «አስማማው፣ ያቺን ጥግ ረሳሃት» ይለኛል። ያቺን ጥግ! ጥርሴን ነክሼ አጨድሁለት። የብርጓል በሶ ፈጭታ፣ አንድ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ከበሩ ኋላ አስቀመጠች፤ ሊወስዱኝ ቢመጡ ባዶ እጄን እንዳልሄድ ብላ። ማታ ማታ ያቺን ጥቅል ባየሁ ቁጥር ቂሜን እንደ አዲስ እቋጥር ነበር።

ነሐሴ ሃያ ስድስት ቀን የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰችኝ። ስለ ሞተሩ የጠየቅሁዎትን እንዲህ ብለው መልሰውልኝ ነበር፤ «ስትጮኽ የነዳጅ መስጫውን ክንድ በጣትህ አጥብቀህ ያዛት። ተይዛም ከፍ ዝቅ ካለች ጉዳቷ ካርቡራቶሩ ዘንድ ነው። ተይዛ ከረጋች ግን ካርቡራቶሩን ተወው፤ የታመመው ፍጥነቷን የሚቆጣጠረው ገቨርነሩ ነው።» በማግስቱ ያዝኋት። ረጋች! ጋሼ፣ እጅዎን አሰብ ድረስ መጥቼ ልስም ፈልጌ ነበር። ወዲያው የማራገቢያውን ክዳን ፈታሁት። እርስዎ እንደሚያውቁት በዚህ ዓይነቱ ሞተር ገቨርነሩ ከማራገቢያው አጠገብ የምትቆም አንዲት ስስ ቆርቆሮ ናት። ሞተሩ ሲፈጥን ነፋሱ ይገፋትና ነዳጁን ትቀንሳለች፤ ሲደክም ሞላዋ መልሶ ይስባትና ትጨምራለች። በነፋስ የምትንቀሳቀስ ነገር ላባ ይመስል መቅለል አለባት። እሷ ላይ ምን ባይ ጥሩ ነው? ቁጥር አርባ ሰባት! በቀይ ቀለም፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ! ቀለሙ ወርዶ መዞሪያ ችንካሯ ላይ ደርቆ ይዟታል፤ ነፋሱ ሲበረታ ብቻ ነጠቅ ብላ ትሄዳለች፣ ከዚያ እዚያው ትቀራለች።

ያቺ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የምታጠፋትስ የት አለች ብዬ የቤንዚኑን ማጠራቀሚያ፣ ሰልባትዮውን አየሁ። ክዳኑ አናት ላይ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ቤንዚኑ በወረደ ቁጥር አየር የምታስገባ። አዘዘ አርባ ሰባቱን ልክ እሷ ላይ ጽፎ ደፍኗታል። አየር ሳይገባ ቤንዚኑ እንዴት ይወርዳል? ክዳኑን ላላ አድርጌ ባስነሣት ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሳታቋርጥ ሠራች። ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ማጭድ ያስያዘኝ፣ ልጆቼን ያለ አባት ሊያስቀር የነበረው፣ የራሱ የአዘዘ ቡሩሽ ነበር!

አሁን የምነግርዎትን ከእግዚአብሔርና ከእርስዎ በቀር ማንም አያውቀውም። ያን ዕለት ሮጬ ለጓድ አካሉ ማሳየት እችል ነበር። ነጻ እወጣ ነበር፤ አዘዘም «ይቅርታ፣ አላወቅሁም» ብሎ ጃንጥላውን ይዞ ይሄድ ነበር። ይህ አላጠገበኝም። የገቨርነሯን ቀለም በምላጭ ፍቄ፣ ችንካሯን ዘይት ቀብቼ አስተካከልኋት። የሰልባትዮውን ክዳን ግን እንዳለ አጥብቄ መልሼ ዘጋሁት። ስምንት ቀን ሙሉ አፌን ዘግቼ ማጭዴን ይዤ ከረምሁ። አዘዘ ጥግ ሲያሳየኝ «እሺ ጓድ» እለው ነበር። በሕይወቴ እንደነዚያ ስምንት ቀኖች እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ጳጉሜን አምስት ቀን ሠራተኛው ሁሉ ሐይቁ ዳር ባለው ሣር ላይ ተሰበሰበ። «ማሽኒቱ ተሠርታለች፤ ሆኖም እኔ ስለተከሰስሁ ከሳሼ ራሱ ይሞክራት» አልሁ። አዘዘ ኮቱን አውልቆ ያዛት። አስነሣሁለት። ድምጿ እኩል፣ ከፍ የለ ዝቅ የለ። አዘዘ እየገፋት ዞረ፤ «አያችሁ ጓዶች፣ ሂስ ሰውን ያስተካክላል፤ ንቃታችን ባይኖር ኖሮ…» እያለ መጮህ ጀመረ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነው። ደንገሉ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለች። አዘዘ አንዴ ገመዱን ሳበ፣ አምስቴ ሳበ፣ ላብ አጠመቀው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አሻጥር! አሁንም አሻጥር!» አለ። እንዲልልኝ የፈለግሁትን አለልኝ። ቀስ ብዬ ሄድሁና ክዳኑን ፈታሁት፤ ፍሽሽ ብሎ አየር ሲገባ ሁሉም ሰማ። ክዳኑን በእጄ እንደያዝሁ ገመዱን ሳብሁ፤ ባንድ ጊዜ ተነሣች። ከዚያ ክዳኑን ለጓድ አካሉ ሰጠኋቸውና «ቀዳዳዋን የደፈናት የማን ቀለም ነው?» አልሁ። መዝገቡ መጣ፣ ፊርማው ተነበበ። «እንግዲህ የሐምሌው ቃለ ጉባኤም ይነበብልኝ» አልሁ። ጸሐፊው «በአብዮቱ ንብረት ላይ ስህተት የሚባል ነገር የለም፤ ጥያቄው በማን እጅ ቆመ ነው» ብሎ አነበበ። ማሽኒቱ የቆመችው በማን እጅ ነበር? የአዘዘ ፊት አመድ መሰለ። አልዋሽዎትም ጋሼ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

በዓሉ እንዳለፈ እኔ ወደ ወርክሾፔ ተመለስሁ፣ ለሱ ማጭድ ሰጡት። ምሳዬን ሆን ብዬ በመስኮቱ በኩል እሱን እያየሁ በላሁ። ያ ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ነገሩ በዚያ አልቆመም። መስከረም ዘጠኝ ቀን ከቤቱ መጥተው ወሰዱት። ክሱ ቀዳዳዋን በበዓሉ ሳምንት ሆን ብሎ ደፈናት የሚል ነው። እኔም በምስክርነት ተጠራሁ። መርማሪው ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ «ቀለሙን መጀመሪያ ያየኸው መቼ ነው?» አለኝ። «በዚያው ዕለት፣ ከሰው ሁሉ ጋር» ብዬ ፈረምሁ። ፈርቼም ነው፣ ደስ ብሎኝም ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠ አይጠይቁኝ።

የሺመቤት ሦስት ጊዜ ቤቴ መጥታለች። መጀመሪያ በሩን ዘጋሁባት። ሁለተኛ ጊዜ «አሻጥር ምን እንደሆነ ባልሽን ጠይቂው» አልኋት። አሁን አፍርበታለሁ፤ ያኔ ግን አላፈርሁም። ሦስተኛ ጊዜ የመጣችው ያለፈው ሐሙስ ነው። አላለቀሰችም። ስንቅ ስታቀብል የመለሱላት ሸሚዝ ጀርባው ከደም ጋር ተጣብቆ እንደነበር ነገረችን። ቀጥላም «ቀለሙን የቀባው ሰኔ ላይ ነው፤ እኔ ሚስቱ ስለሆንሁ ቃሌን አልተቀበሉኝም። ቀለሙ የቆየ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢገኝ ይተርፍልኝ ነበር» አለች። እኔን እያየች ሳይሆን የብርጓልን እያየች ነው የተናገረችው። ያ ሰው እኔ መሆኔን አታውቅም። አውቃ ሰድባኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ ጋሼ፣ «አንዲት ወረቀት» ያሏት እንዲህ ያለች ናት። «ቀለሙ የሰኔ ነው» ብዬ ብጽፍ «በምን አወቅህ?» ይሉኛል። «ነሐሴ ሃያ ሰባት ቀን ደርቆ አይቼዋለሁ» ብል «ታዲያ ስምንት ቀን ለምን ደበቅህ? ለምን ሐሰት ፈረምህ?» ይሉኛል። ማሽኒቱ በበዓሉ ሰሞን እንደምትቆም አውቆ ያቆማት ሰው አንድ ብቻ ነው። አዘዘ ሐምሌ ላይ አሻጥረኛ ሲለኝ ውሸቱን ነበር፤ እውነት ያደረግሁለት እኔው ነኝ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይበልጥ እጠላዋለሁ።

ነገ ጠዋት ሄጄ ቃሌን አስተካክላለሁ። ለየብርጓል ነግሬአታለሁ፤ ሌሊቱን አልቅሳ ጠዋት «ሂድ» አለችኝ። እርስዎ ግን ይቅር ብዬው እንዳይመስልዎት። አልሁት እንዴ? አላልሁትም፣ አልልምም። እንዲሞት ግን አልፈልግም፤ ከሞተማ አመለጠኝ። ይፈታና ይኑር። ማለዳ ተነሥቶ ፊቱን ሲታጠብ፣ ልጆቹን ሲስም፣ ጊዮርጊስ ሊሳለም ሲሄድ «ያወጣኝ ያ አሻጥረኛ ያልሁት ሰው ነው» እያለ እስኪያረጅ ይብከንከን። ስሜ በተጠራበት ሁሉ አንገቱን ይድፋ። ከዚህ የባሰ በቀል ሌት ተቀን ፈልጌ አጣሁ። የያዝሁት መንገድ ከእርስዎ ምክር ጋር መግጠሙ ግን እስካሁን ያናድደኛል።

ምናልባት እዚያው ካስቀሩኝ የብርጓል ልጆቹን ይዛ ዱርቤቴ እናታችን ዘንድ ትገባለች። ትልቁን ልጅ እርስዎ ዘንድ ወስደው ሙያዎን ቢያስተምሩልኝ ሌላ አልጠይቅዎትም። ደብዳቤዋን አንብበው ሲጨርሱ ያቃጥሏት።

እትዬ አገርነሽን እጅ ነሥቻለሁ በሉልኝ። ለልጆቹ ለእያንዳንዳቸው ጉንጫቸውን ስመው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ጎረቤትዎ ገብረ መስቀል እግሩ ዳነለት ወይ? እሱንም ሰላም በሉልኝ። የብርጓል ከልጆቿ ጋር ጉልበትዎን ትስማለች። እናታችን «ካልመጣህ አልሞትም ብላለች በለው» ብለውኛል፤ እንዲህ ካሉማ እንኳን አይምጡ። አዘዘ የተፈታ እንደሆነ ለእርስዎ መጻፉ አይቀርም። ሲጽፍልዎ የፈለጉትን ይመልሱለት፤ «አስማማው ይቅር ብሎሃል» የሚለውን ግን እንዳይጽፉለት።

ታናሽ ወንድምዎ አስማማው
ባሕር ዳር
ጥቅምት ፳፬ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.